ካሜራው የማያየው ሰዓት

(ለጀማሪ ተዋንያንና ለወላጆቻቸው ከተደረገ ንግግር የተጻፈ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ንግግሬ ስለ ወጣት የቴሌቪዥን ተዋናይ ነው። በአንድ ማዛጋት ልጀምረው።

በመጋቢት 2025 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣውን «አዶለሰንስ» የተባለ ባለ አራት ክፍል የእንግሊዝ ድራማ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል ብዬ እገምታለሁ። ሦስተኛው ክፍል ላይ አንድ የ13 ዓመት ልጅና አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ልጁ አብራው የምትማር ልጅ ገድሏል ተብሎ ተከሷል። ጨዋታው እየከረረ ሲሄድ ልጁ መሃል ላይ አፉን ከፍቶ ያዛጋል። ሴትዮዋ ሳትዘገይ «አሰለቸሁህ እንዴ?» ትለዋለች። እሱም ፈገግ ይላል። ማዛጋቱም ሆነ ጥያቄው ስክሪፕቱ ላይ አልነበሩም። ተዋናዩ ኦወን ኩፐር የእውነት ደክሞት ነው፤ በዚያን ቀን ያንን ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሠራው ሁለተኛው ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያዋን የተጫወተችው ኤሪን ዶኸርቲ ከገጸ ባሕርይዋ ሳትወጣ ማዛጋቱን ተቀበለችው፤ እሱም ሳይደናገጥ መለሰላት። ያ ቴክ (አንድ ጊዜ ሳይቋረጥ የተቀረጸው) ተመርጦ ለእይታ ቀረበ።

ኩፐር ያኔ 14 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ለሙያ ብሎ ካሜራ ፊት ቆሞ አያውቅም። ቀረጻው የተጀመረው ደግሞ በዚሁ በሦስተኛው ክፍል ነው፤ ማለትም የሥራ ዘመኑን የጀመረው ከሁሉ በከበደው ነው። መስከረም 14 ቀን 2025 በ15 ዓመቱ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ትልቁን ሽልማት ኤሚን ሲቀበል፣ በትወና ኤሚ ያገኘ በዕድሜ ትንሹ ወንድ ሆነ። መድረክ ላይ ወጥቶ ከጥቂት ዓመታት በፊት የድራማ ትምህርት ሲጀምር አሜሪካን እንኳ አያለሁ ብሎ እንዳላሰበ ተናገረ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ «ተሰጥዖ ነው» ይላል። ተሰጥዖ አለው፤ ማንም አይክደውም። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። አንድ ጀማሪ ልጅ እንዲህ ባለ ትዕይንት መሃል ሳይፈራ ማዛጋት የቻለው እንዴት ነው? መልሱ ያለው ካሜራው ባላየው ሰዓት ውስጥ ነው። ዛሬ የምነግራችሁም ይህንኑ ነው፦ የልጅ ተዋናይን ዕድል የሚወስነው ካሜራው ሲነሣ የሚሠራው ብቻ ሳይሆን ካሜራው ሲጠፋ አጠገቡ ያለው ሰው፣ የሚቆጠርለት ሰዓት፣ ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ፣ ተራውን ሲጠብቅ የሚማረው ነገር ነው።

«አዶለሰንስ» እያንዳንዱ ክፍሉ ሳይቋረጥ በአንድ ቴክ የተቀረጸ ነው። አንድ ሰው ከተሳሳተ እስከዚያ የተቀረጸው ሁሉ አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ሳምንት ገደማ ተመድቦ ነበር። መጀመሪያ ተዋንያኑ ከዳይሬክተሩ ከፊሊፕ ባራንቲኒ ጋር ይለማመዳሉ። ቀጥሎ የካሜራና የድምፅ ሰዎች ገብተው ማን በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ካሜራው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚሸጋገር ያጠናሉ። በመጨረሻው ሳምንት ሙሉው ክፍል በቀን ሁለት ጊዜ ይቀረጻል። ኩፐር ካሜራው ሲነሣ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ክፍሉን፣ ወንበሩን፣ የባልደረባውን አተነፋፈስ ሳይቀር ያውቀዋል። ሥራውን ከጃክ ቶርን ጋር የጻፈውና የአባትየውን ቦታ የተጫወተው ስቲቨን ግራሃም ራሱ አንጋፋ ተዋናይ ነው። ልጁ በምን ዓይነት ሰዎች ተከቦ እንደነበር አስቡት። ፍርሃት የሚጠፋው በምክር አይደለም፤ በልምምድና በአጠገብ ባለ ሰው ነው።

ወደ ሥራው የገባበት መንገድም ብዙ ያስተምራል። ኩፐር የተወለደው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ዋሪንግተን በምትባል ከተማ በ2009 ነው። ሐሳቡ እግር ኳስ ተጫዋች መሆን ነበር። ማንቸስተር ውስጥ የድራማ ትምህርት መከታተል ከጀመረ በኋላ ነው የካስቲንግ ዳይሬክተሯ (ተዋንያን መራጯ) የሻሂን ባይግ ቡድን ያገኘው። ለዚያ አንድ ቦታ 500 ያህል ልጆች ታይተዋል።

ዛሬ ኦዲሽን (ተዋናይ የሚመረጥበት ፈተና) ማለት በአብዛኛው ቤት ውስጥ በስልክ የሚቀረጽ ቪዲዮ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ከኋላ ምንም የሌለበት ግድግዳ፣ ከፊት የሚመጣ ብርሃን፣ በዓይን ከፍታ የቆመና የማይነቃነቅ ስልክ ይበቃል። የሌላውን ሰው ቃል የሚያነብለት ሰው ከስልኩ አጠገብ ጠጋ ብሎ ይቆማል፤ ልጁ የሚያየው ሌንሱን ሳይሆን እሱን ነው። አንባቢው ድምፁ ዝቅ ማለት አለበት፤ ማይክሮፎኑ የሚቀርበው ለእሱ ነውና። እናት አንባቢ ስትሆን ደግሞ አንድ ችግር አለ፦ እሷም ትተውናለች። ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች፣ ልጁን ትሸፍነዋለች። ዝም ብላ ቃሉን ብታነብ ልጁ ይወጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ልጁ ከመስታወት ፊት የተጠና የፊት መለዋወጥ ይዞ ሲመጣ ነው። ካስቲንግ ላይ የተቀመጠ ሰው ቪዲዮውን ሲያይ የሚፈልገው ልጁ ሲናገር የሚሆነውን አይደለም። ሌላው ሲናገር የሚሆነውን ነው። የሚያዳምጥ ልጅ ካሜራ ላይ ዓይኑ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ቀረጻ ቦታው እንግባ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ቀረጻ ማለት ትወና ይመስላል፤ ልጅ ያለበት ቀረጻ ግን ከሰዓት ጋር የሚደረግ ትግል ነው። በዚህ ረገድ በዝርዝር የተጻፈ ሕግ ያላት ካሊፎርኒያ ናት። 6 ወር ያልሞላው ሕፃን በቀን ካሜራ ፊት የሚውለው 20 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በጠቅላላው ቦታው ላይ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም። ከ9 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ በትምህርት ቀን 5 ሰዓት ይሠራል፣ 3 ሰዓት ይማራል፣ 1 ሰዓት ያርፋል። ዘጠኙ ሰዓት ካለቀ ዳይሬክተሩ የፈለገውን ቢለምን ልጁ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰዓቱን የሚቆጥረውም ፕሮዲውሰሩ ሳይሆን የስቱዲዮ መምህር የሚባል ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። ይህ ሰው ሒሳብና ሳይንስ ከማስተማር በተጨማሪ ልጁን የሚጎዳ ነገር ካየ ከቦታው የማስወጣት ሥልጣን አለው።

ሰዓት ትንሽ ስለሆነ አቀራረጹም ይለወጣል። አንድ ልጅና አንድ አዋቂ የሚነጋገሩበት ትዕይንት ሲሆን ብዙ ጊዜ የልጁ ክሎዝ አፕ (ፊቱ ከቅርብ የሚታይበት) ቀድሞ ይቀረጻል። የልጁ ሰዓት ሲያልቅ እሱ ይሄዳል። አዋቂው ተዋናይ የራሱን ክሎዝ አፕ የሚሠራው በልጁ ቁመት ልክ በቆመ ማይክሮፎን መያዣ ላይ ለተለጠፈች ቁራጭ ፕላስተር እየተናገረ፣ አንዳንዴም እያለቀሰ ነው። እናንተ ቤታችሁ ሆናችሁ «ሲተያዩ ልብ ይነካሉ» የምትሉት ትዕይንት ላይ ሁለቱ ሰዎች ጨርሶ ሳይተያዩ ቀርተው ሊሆን ይችላል።

ሕፃናት መንታ ሆነው የሚቀጠሩትም በዚሁ በሰዓት ምክንያት ነው። «ፉል ሃውስ» በተባለው ከ1987 እስከ 1995 በታየ ሲትኮም (አስቂኝ ተከታታይ ድራማ) ሚሼል የምትባለዋን ትንሽ ልጅ የተጫወቱት ሁለቱ መንታ የኦልሰን እህትማማቾች ናቸው። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትገባለች። ሥራውን ሲጀምሩ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

ትምህርቱ ደግሞ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ውል ከ20 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ እንደ ትምህርት አይቆጠርም። ስለዚህ ልጁ በመብራት ማስተካከያ መካከል ለሃያና ለሠላሳ ደቂቃ ወደ መማሪያ ክፍሉ ይሮጣል፣ ክፍልፋይ ይደምራል፣ በሩ ይንኳኳል፣ ተመልሶ የእናቱን ሞት ይረዳል። «ቁረጥ» ሲባል ወደ ክፍልፋዩ ይመለሳል። ይህን መለዋወጥ በደንብ የሚችሉ ልጆች አሉ፤ እንዲያውም ለአንዳንዶቹ መድኃኒት ነው፤ ከከባዱ ስሜት በቶሎ ያወጣቸዋል። የማይችሉም አሉ። የማይችለውን ልጅ ለይቶ ማወቅ የወላጅ ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ አይነግራችሁም፤ የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር አለው።

ስለ ደኅንነት አጭር ነገር ልበል፤ አጭር የማደርገው ቀላል ስለሆነ አይደለም። በካሊፎርኒያ ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወላጁ ወይም አሳዳጊው በሚያየው ወይም በሚሰማው ርቀት መሆን አለበት። ይህ ደንብ ወግ አይደለም። በ2004 በልጆች የቴሌቪዥን ሥራዎች ላይ የንግግር አሠልጣኝ የነበረ አንድ አዋቂ በአንድ ወጣት ተዋናይ ላይ በፈጸመው ጾታዊ ጥቃት ተፈርዶበታል። ተጎጂው አድጎ ታሪኩን በራሱ አንደበት የተናገረው ከ20 ዓመት በኋላ በ2024 ነው። አባትየው ቀደም ብሎ ጠርጥሮ ነበር፤ ነገር ግን ከልጁ እንዲርቅ ተደረገ። «እኛ አለንልህ፣ አንተ አትድከም» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ ይህን አስታውሱ።

እንግዲህ ወደ ገንዘብ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። በዚህ ሙያ ግን ልጅ ያቦካው ቤተሰቡን፣ ጠበቃውን፣ ሥራ አስኪያጁን ሁሉ ሲያበላ ኖሯል። ለራሱ ለልጁ ነው ያልበቃው።

ጃኪ ኩጋን በ1921 በስድስት ዓመቱ ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በመሥራት ዓለም ያወቀው ልጅ ነው። ያኔ ቴሌቪዥን የለም፤ ጉዳዩ ግን ቀጥታ ይመለከተናል። እስኪያድግ ድረስ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘ ይገመታል። 21 ዓመት ሞልቶት ገንዘቡን ሲጠይቅ እናቱና እንጀራ አባቱ «ምንም የለህም» አሉት። በዘመኑ ሕግ ልጅ ያገኘው ገንዘብ የወላጅ ነበርና። በ1938 ከሰሳቸው፤ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ እጁ የገባው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ጩኸቱ በ1939 በስሙ የሚጠራውን ሕግ አስወጣ። ቴሌቪዥን ሲመጣ ኩጋንም ወደዚያ ተሻገረ፤ ከ1964 እስከ 1966 በ«ዘ አዳምስ ፋሚሊ» ላይ ራሰ በራውን አጎት ፌስተርን ሆኖ ሲያስቅ፣ ያንን የሚያለቅስ ትንሽ ልጅ በእሱ ውስጥ ማየት የቻለ ብዙ አልነበረም።

ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረበት። ገንዘብ የሚቀመጠው ውሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲጸድቅና ዳኛው ሲያዝ ብቻ ነው። ያንን ቀዳዳ ሳስብ የሚመጣብኝ ጋሪ ኮልማን ነው። በ1978 በ10 ዓመቱ «ዲፈረንት ስትሮክስ» የተባለ ሲትኮም ላይ ገባ። ከልጅነቱ የኩላሊት ሕመምተኛ ነበር፤ ሕመሙና መድኃኒቱ ቁመቱን አስቀርተውታል። ሰው የሚስቀው በዚያ ትንሽ ቁመት ላይ በሚናገረው ትልቅ ንግግር ነበር። በዝናው ጫፍ ላይ ለአንድ ክፍል እስከ 100 ሺህ ዶላር ይከፈለው ነበር ይባላል። በ1989 ወላጆቹንና የቀድሞ አማካሪውን በገንዘቡ አያያዝ ከሰሰ። በ1993 1.28 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት። በ1999 መክሰሩን በፍርድ ቤት አስታወቀ። በመካከሉ የጥበቃ ሠራተኛ ሆኖ ሠርቷል፤ እዚያም ሰዎች እየመጡ ያንኑ የልጅነት አባባሉን እንዲያሰማቸው ይጠይቁት ነበር። በ2010 በ42 ዓመቱ ሞተ። ስለ ኮልማን የሚነገረው ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ነው። እኔን ግን አያስቀኝም።

ከ2000 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ ተስተካክሏል። ልጅ ያገኘው ገንዘብ የልጁ ንብረት ነው፤ አሠሪው ከጠቅላላ ክፍያው 15 በመቶውን እስከ 18 ዓመቱ በማይነካ ሒሳብ በቀጥታ ያስገባል። ኒው ዮርክና ጥቂት ሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ልጁ 100 ዶላር አገኘ እንበል። 15ቱ ይቆለፋል። 10ሩ ሥራ የሚያፈላልግለት የኤጀንቱ ነው። ሥራ አስኪያጅ ካለው ሌላ 10 ወይም 15 ይሄዳል። ጠበቃ አለ፣ የማኅበር መዋጮ አለ፣ ግብር አለ። ከዚያም ከልጁ ጋር ለመሆን ሥራዋን የለቀቀች እናት ትኖራለች። ቤተሰቡ በቀረው ላይ መኖር ከጀመረ የቤቱ ራስ ልጁ ሆኗል ማለት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ዛሬ መሥራት አልፈልግም» የማለት መብቱ የሚያበቃው በዚያች ቀን ነው። እኔ ወላጆችን የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ የቤት ኪራያችሁ ከልጃችሁ ክፍያ እንዳይወጣ። ሌላው ሁሉ ይስተካከላል።

በነገራችን ላይ ሕጉ ገና መሮጥ ላይ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን እየቀረጹ በኢንተርኔት ገንዘብ ሲያገኙ ልጁ ድርሻ እንዲቀመጥለት የሚያስገድድ ሕግ ከአሜሪካ ግዛቶች መጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋለችው ኢሊኖይ ናት፤ ጊዜውም ሐምሌ 2024 ነው። ካሊፎርኒያ በ2025 ተከተለች። ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራው ልጅ መምህርና ሰዓት ቆጣሪ ሲኖረው፣ ሳሎን ውስጥ የሚቀረጸው ልጅ እስከ ቅርብ ጊዜ ማንም አልነበረውም።

ቴሌቪዥን ከሲኒማ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ልጁን ለዓመታት ይይዘዋል። ፊልም በሁለት በሦስት ወር ያልቃል። ተከታታይ ድራማ ግን ልጁን በየዓመቱ እየጠራ ያሳድገዋል፤ ታሪኩ ግን ከእሱ ጋር እኩል አያድግም። «ስትሬንጀር ቲንግስ»ን ውሰዱ። በ2016 ተጀምሮ በ2025 መጨረሻ ተጠናቀቀ። በታሪኩ ውስጥ ያለፈው፣ ከማሳረጊያው በቀር፣ ከ1983 እስከ 1987 ያለው አራት ዓመት ያህል ነው። ልጆቹ ላይ ያለፈው ወደ አሥር ዓመት ይጠጋል። ሦስተኛው ምዕራፍ በ2019 ወጥቶ አራተኛው የመጣው በ2022 ነው፤ አምስተኛው ደግሞ በ2025። ሚሊ ቦቢ ብራውን ስትጀምር 11 ዓመቷ ነበር፤ ሲያልቅ 21 ሞልቷት ትዳር ይዛለች። በመጋቢት 2025 ስለ መልኳ የሚጻፉ ጽሑፎችን ተቃውማ ቪዲዮ አውጥታ ነበር፤ አቤቱታዋ ባጭሩ «ሰዎች ማደጌን ይቅር ሊሉኝ አልቻሉም» የሚል ዓይነት ነው። እውነቷን ነው። ተመልካች በቤቱ ያሳደገውን ልጅ የራሱ አድርጎ ያያል፤ ድምፁ ሲጎረንን፣ ጉንጩ ሲጎድል የተከዳ ይመስለዋል።

ውሉም ይህን ያባብሰዋል። በአሜሪካ የተከታታይ ድራማ ውል ብዙ ጊዜ ለስድስት ወይም ለሰባት ዓመት ይፈረማል። የመቀጠል ምርጫው ግን የአምራቹ ነው፤ ሥራውን በፈለገ ጊዜ ማቆም ይችላል፣ ተዋናዩ ግን መውጣት አይችልም። በ10 ዓመቱ የፈረመ ልጅ በ16 ዓመቱ ገና እዚያው ሊሆን ይችላል። በመሃል ሌላ ሥራ ቢመጣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደራሲዎቹ ደግሞ ሰው የወደደውን ነገር አይለቁም፤ በ10 ዓመቱ ያሳቀውን ቃል በ15 ዓመቱም ይጽፉለታል።

ሲትኮም ላይ ያደገ ልጅ ሌላም ጣጣ አለበት። ተመልካች ፊት ሲቀረጽ ሳቁ እስኪያልፍ መጠበቅን ይለምዳል። ቃሉን ይልና ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ይቆማል። አሥር ዓመት እንዲህ ከሠራ በኋላ ወደ ከባድ ድራማ ሲመጣ ያ ቅንድብ አልወርድ ይለዋል። ሰው «ችሎታ የለውም» ይላል፤ ልጁ ግን ያስተማሩትን ነው የሚሠራው።

ታዲያ የተሻገሩት እንዴት ተሻገሩ? ሮን ሃዋርድን እንይ። በ1960 በ6 ዓመቱ «ዘ አንዲ ግሪፊዝ ሾው» ላይ ኦፒ የሚባለውን ልጅ ሆኖ ጀመረ፤ ስምንት ዓመት ቆየ። አባቱ ራሱ ተዋናይ ነበር፤ ልጁ ማንበብ ከመቻሉ በፊት ቃሉን ያስጠናው እሱ ነው። ሃዋርድ የሚያወራው አንድ ነገር አለ። በሁለተኛው ዓመት ልምምድ ላይ «አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ አይናገርም» ብሎ ሐሳብ ሰጠ፤ ዳይሬክተሩም ተቀብሎ ቃሉን ለወጠው። ልጁ ጥርሱ አልከደን አለ። የድራማው ዋና ተዋናይ አንዲ ግሪፊዝ ምን እንደሚያስፈግገው ጠየቀው። ካቀረብኩት ሐሳብ ተቀባይነት ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው አለ። ግሪፊዝም እስካሁን ካመጣኸው የሚረባው ይኸው ብቻ ስለሆነ ነው ብሎ መለሰለት። ይህን ታሪክ የምወደው በመልሱ ነው። ማንም አላሞካሸውም፤ እንደ አንድ ሠራተኛ ቆጠሩት። ልጁም በተራው ቀረጻ ቦታውን እንደ ትምህርት ቤት ያዘው፤ ካሜራው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ መብራቱ ለምን እንደሚዞር ይጠይቃል። በ1974 «ሃፒ ዴይስ» ላይ ዳግም ታወቀ፤ በ1977 በ23 ዓመቱ የመጀመሪያ ፊልሙን ዳይሬክት አደረገ፤ በ2002 በዳይሬክተርነት ኦስካር ወሰደ።

ቀረጻ ላይ አንድ ልጅ ከሚያሳልፈው ቀን አብዛኛው መጠበቅ ነው። ያንን ሰዓት በስልክ የሚጨርስ ልጅና የድምፅ ባለሙያውን ጆሮ ማዳመጫ ተውሶ የሚያዳምጥ ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ አይሆኑም።

መውጣትም አንድ መንገድ ነው፤ ሰው እንደ ሽንፈት ሲያየው ይገርመኛል። ዳኒካ ማኬላር ከ1988 እስከ 1993 «ዘ ወንደር ይርስ» ላይ ዊኒ ኩፐር ሆና ስትሠራ የስንቱ ልጅ የመጀመሪያ ፍቅር ነበረች። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) ገብታ በ1998 በሒሳብ ተመረቀች፤ ከመምህሯና ከትምህርት ጓደኛዋ ጋር ያረጋገጡት የሒሳብ ቴዎረም የእሷንም ስም ይዟል። በኋላ ልጃገረዶች ሒሳብ እንዳይፈሩ መጻሕፍት ጽፋለች፤ ትወናውንም አልተወችም። ማይም ቢያሊክ ደግሞ «ብሎሰም» የተባለው ሥራዋ በ1995 ሲያልቅ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ሄዳ በ2007 በነርቭ ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪዋን ያዘች። በ2010 «ዘ ቢግ ባንግ ቲዮሪ» ላይ ስትመለስ የተሰጣት ገጸ ባሕርይ የነርቭ ሳይንቲስት ናት! ደራሲዎቹ የሚጽፉት የሳይንስ ቃል ስህተት ሲኖረው ራሷ ታርመው ነበር። እነዚህ ሁለቱ መመለስ የቻሉት የሚሄዱበት ቦታ ስለነበራቸው ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጻፍ።

አንዲት እናት የመጀመሪያ ውል ቢመጣ ምን ላይ ላተኩር ብለው ጠየቁኝ። ክፍያው ላይ ያለው ቁጥር ዓይን ይስባል፤ እርስዎ ግን ከጀርባ ጀምረው ያንብቡት አልኳቸው። ምርጫው ለስንት ዓመት ነው፣ ማን ነው የሚያራዝመው፣ በመሃል ሌላ ሥራ መሥራት ይችላል ወይ፣ ከተፈረመ በኋላ ስክሪፕቱ ቢለወጥና ልጁ የማይሠራው ትዕይንት ቢገባ ምን ይሆናል። አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል፦ የልጁን ፊትና ድምፅ በኮምፒውተር አባዝቶ የመጠቀም ጉዳይ። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር በ2023 ለ118 ቀናት ሥራ ካቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ውሉ ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ ከፈቃድዎና ከተጨማሪ ክፍያ ጋር መታሰር አለበት። ጠበቃው ደግሞ የአምራቹ ሳይሆን የእናንተ ይሁን።

ከኋላ የተቀመጠ ወጣት «እኔ 19 ዓመቴ ነው፤ አልዘገየሁም ወይ?» አለ። ሳቅ ሆነ፤ ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። እስካሁን የነገርኳችሁን የሰዓት ደንብ አስታውሱ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በቀን አምስትና ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው፤ መምህር ይፈልጋል፣ አሳዳጊ ይፈልጋል። 18 የሞላው ግን እንደ ማንኛውም አዋቂ ይሠራል። ስለዚህ አምራቾች የ15 ዓመት ገጸ ባሕርይ ሲኖራቸው 18 ሞልቶት 15 የሚመስል ሰው ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ ቴሌቪዥን ላይ ከምታያቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙዎቹ ትምህርታቸውን የጨረሱ ናቸው። ፎቶህን ስትልክ ከዕድሜህ ይልቅ መጫወት የምትችለውን ዕድሜ ጻፍ፤ ከ15 እስከ 20 በል። ያቺን ጢምህን ግን ተላጫት።